የቅማል ቅጽል ስም

ስለ ቅማል ማውራት ነውር የሚመስለው አንባቢ ካለ ይህችን ገጽ ዘለል አድርጎ ይለፍ፤ አልቀየምም። የቀራችሁት ጠጋ በሉና እንጫወት።

እንግሊዝኛ ለቅማል የመዝገብ ስም አለው። አንዷን ላውስ፣ ሲበዙ ላይስ ይላቸዋል። ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ስም ነው። ጀርመኖችም እስከ ዛሬ ላውስ ነው የሚሏት፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይለያዩ በፊት አብራቸው የኖረች ፍጥረት ናት። ከዚሁ ስም የወጣው ላውዚ የሚለው ቃል ድሮ በቀጥታ «ቅማላም» ማለት ነበረ። ዛሬ ሻዩ ቀዝቅዞ የመጣለት ሰው ሁሉ ይለዋል፤ አየሩ ላውዚ፣ ፊልሙ ላውዚ፣ ደመወዙ ላውዚ። የሰው ጽሑፍ ይዞ ነጥብና ሰረዝ ብቻ የሚያድነውንም «ቅጫም ለቃሚ» ይሉታል፤ አዘጋጆች ሆይ፣ እናንተን አይደለም።

እኔ ላጫውታችሁ ያሰብኩት ግን ስለ ቅጽል ስሟ ነው፤ ኩቲ። አሜሪካ ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። እንግሊዝ አገር ብትጠይቁ የአሜሪካኖች ቃል ነው ይሏችኋል። ቃሉ የተወለደው ግን በእንግሊዝ ወታደሮች መካከል ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ወታደር ለገና በዓል ቤቱ የሚገባ መስሎት ነበር። አልገባም። ብርዱ ሳይጠና ጦሩ መሬት ቆፍሮ ተቀመጠ፤ ከቤልጂግ የባሕር ዳርቻ እስከ ስዊዘርላንድ ድንበር ድረስ ምሽግ ከምሽግ ተፋጠጠ። ጭቃ፣ ቁር፣ ወፍራም የሱፍ ልብስ፣ ለሳምንታት የማይቀየር የውስጥ ልብስ፣ እርስ በርስ ተጣብቆ መተኛት። ቅማል ከዚህ የተሻለ ድግስ አይታ አታውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን እንያዝ። የራስ ቅማልና የልብስ ቅማል ኑሯቸው ለየቅል ነው። የራስ ቅማል ጠጉር ውስጥ ትኖራለች። የልብስ ቅማል ግን ቤቷ ልብሱ ነው፤ ሰውነት ላይ የምትወጣው ደም ልትጠጣ ብቻ ነው፣ ጠጥታ ትመለሳለች። እንቁላሏንም በስፌት ሥር ትለጥፋለች፤ በቀን ስምንት፣ ዐሥር ያህል ትጥልና በሳምንት ግድም ይፈለፈላሉ። እንግዲህ ልብስ ያልነበረው ሰው የልብስ ቅማል ሊኖረው አይችልም። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ይህንኑ ገልብጠው ተጠቀሙበት፤ የልብስ ቅማል ከራስ ቅማል የተለየችበትን ዘመን በዘረ መል ቆጥረው፣ ሰው ልብስ መልበስ የጀመረው ከ170 ሺህ ዓመት ግድም በፊት ሳይሆን አይቀርም አሉ። የመጀመሪያዎቹ ልብሶች በስብሰው ጠፍተዋል፤ ቁራጭ እንኳ አልተረፈም። ምስክር ሆና የቀረች ቅማል ናት።

ወደ ምሽጋችን እንመለስ። ወታደሩ ፋታ ሲያገኝ ሸሚዙን አውልቆ ይገለብጠዋል፤ ሻማ ይለኩስና ነበልባሉን በስፌቱ ላይ ያስኬዳል። እንቁላሉ ጧ ጧ እያለ ይፈነዳል። ሻማው በጣም ከተጠጋ ሸሚዙ ይቃጠላል፣ ከራቀ ቅጫሙ ይተርፋል፤ ልምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የስኮትላንድ ወታደሮች ደግሞ የባሰ መከራ ነበረባቸው፤ የባህል ቀሚሳቸው ሽንሽኑ ብዙ ነው፣ እያንዳንዱ እጥፋት ለቅማል አንድ ጎጆ ነው። ከኋላ ባሉ ሰፈሮች ወታደሩን በፈረቃ እያጠቡ ልብሱን በእንፋሎት ይቀቅሉለት ነበር። ነገር ግን እንፋሎቱ ስፌት ሥር ያለውን እንቁላል ሁሉ ስለማይጨርሰው፣ ወታደሩ ልብሱን ለብሶ ገላው ሲሞቅ የቀሩት ይፈለፈላሉ። ምሽግ ሲመለስ ደግሞ ከጎኑ የሚተኛው ባልንጀራው ያድለዋል።

ማንም አላመለጠም። ሰላም በነበረ ጊዜ ቅማል የድሃ ምልክት ነበረች። ምሽግ ውስጥ ግን የባላባት ልጅ የሆነው መኮንንም፣ ከከሰል ጉድጓድ የመጣው ተራ ወታደርም እኩል ያካል። የሚያሳፍር ነገር የሁሉም ሲሆን ማፈሩ ይቀርና መሳቂያ ይሆናል። ኩቲ የሚለው ስም የመጣው በዚህ ሳቅ ነው። የቁልምጫ ድምፅ አለው፤ ላውስ ብሎ የማይደፍር ወታደር ለእናቱ በሚጽፈው ደብዳቤ ላይ ኩቲ ብሎ ሊያስቃት ይችላል።

ቃሉን ባሕር ካሻገሩት ሰዎች አንዱን በስም እናውቀዋለን። አርተር ጋይ ኤምፔይ ይባላል። አሜሪካዊ ነው፤ አገሩ ወደ ጦርነቱ ሳትገባ ሄዶ ለእንግሊዝ ጦር ተመዝግቦ ተዋጋ። በ1917 «ኦቨር ዘ ቶፕ» የተባለውን ትዝታውን አሳተመ፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የምሽግ ቃላት መፍቻ አለ፣ ኩቲም እዚያ ውስጥ ተቀምጣለች። አሜሪካ ጦርነቱን የተቀላቀለችው በዚያው ዓመት ነው፤ መጽሐፉም እንደ ጉድ ተሸጠ። የአሜሪካ ዘማች ገና ፈረንሳይ ሳይደርስ የሚበላውን ተባይ ስም አጥንቶ ሄደ ማለት ነው።

ታዲያ የእንግሊዙ ወታደር ስሙን ከየት አመጣው? ሁለት ነገር ይባላል።

አንዱ ኩት የምትባለውን የውሃ ወፍ ይጠቅሳል፤ ጥቁር ሆና ግንባሯ ነጭ የሆነችው፣ ዘመዷ በእኛም ሐይቆች ላይ የምትንሳፈፈው። እንግሊዞች ተባይ የወረሰውን ሰው «እንደ ኩት ቅማላም» ይሉት ነበር። ሁለተኛው፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይበልጥ የሚያዘነብሉበት፣ ማላይኛ ነው። ማላይኛ ቅማልን ኩቱ ይላል። እንግሊዞች ፔናንግን በ1786፣ ሲንጋፖርን በ1819 ይዘው በዚያ አካባቢ ነግደዋል፣ ገዝተዋል፣ ወታደር አስፍረዋል። ሲመለሱም ቃል ይዘው ተመልሰዋል። ኦራንጉታን የማላይ ቃል ነው፤ «የጫካ ሰው» ማለት ነው። ድንች ጥብሳችን ላይ የምናፈሰው ካቻፕም ስሙ በማላይኛ በኩል እንዳለፈ ይነገራል፤ ያን ጊዜ ግን ቲማቲም አልነበረበትም።

እኔ ወደ ማላዩ አደላለሁ። የወፏ ነገር ጥሩ ነው፤ ግን ወፏም ተረቷም ከጦርነቱ በፊት እንግሊዝ አገር ነበሩ። ቃሉ ከዚያ ቢመጣ ምሽግ እስኪቆፈር ምን ያስጠብቀው ነበር? የእንግሊዝ ጦር በአንጻሩ በእስያ ያረጁ የድሮ ወታደሮች የነበሩበት ጦር ነው፤ አዲሱ ምልምል የሰፈር ቋንቋውን የተማረው ከነሱ ነው። ሀገራቸውን በናፍቆት የሚጠሩበት ብላይቲ የሚለው የምሽግ ቃል እንኳ ከሕንድ የመጣ ነው። እኛም የለመድነው ካኪ በዚያው መንገድ የመጣ ቃል ነው፤ በሕንድ ካገለገለው የእንግሊዝ ጦር ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰ፣ ትርጉሙም አፈርማ፣ አቧራማ ነው። ካኪው ራሱ በእስያ ቃል ከተጠራ፣ በካኪው ስፌት ውስጥ የምትኖረው ተባይ በእስያ ቃል ብትጠራ ምን ይገርማል?

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ለአንድ ስኒ የምትሆን ጨዋታ ናት። ግን ኩቱ የማላዮች ብቻ አይደለም። ፊሊፒንስ ብትሄዱ ቅማል ኩቶ ነው። ፊጂ ኩቱ፣ ኒውዚላንድ ማኦሪዎች ዘንድም ኩቱ፣ ሳሞአ ኡቱ። ከአምስት ሺህ ዓመት ግድም በፊት ከታይዋን ተነሥተው በታንኳ ፓሲፊክን ያዳረሱ ሕዝቦች ናቸው፤ ደሴት ለደሴት ሲሻገሩ አሳማና ዶሮ ብቻ ሳይሆን ቅማላቸውንም ስሟንም ይዘው ሄዱ። በየደሴቱ ድምፁ ትንሽ ትንሽ ተለዋወጠ። ሃዋይ ሲደርስ «ኩ»ው ተውጦ «ኡ» ሆነ፣ «ቱ»ው ወደ «ኩ» ዞረና ኡኩ ሆነ።

ኡኩ ስትሉ የምትመጣባችሁ አንዲት የሙዚቃ መሣሪያ አለች? አዎ፣ ኡኩሌሌ። ሌሌ በሃዋይኛ መዝለል ነው፤ ኡኩ ለቁንጫም ይውላል። ኡኩሌሌ ማለት «ዘላይ ቁንጫ» ነው።

መሣሪያዋ ራሷ የሃዋይ ተወላጅ አይደለችም። በነሐሴ 1879 ራቬንስክራግ የተባለች መርከብ ከፖርቱጋሏ የማዴራ ደሴት ለሸንኮራ አገዳ እርሻ የሚሠሩ ስደተኞችን ይዛ ሆኖሉሉ ደረሰች። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ማኑኤል ኑኔሽ፣ አውጉስቶ ዲያስ እና ጆዜ ዱ ኢስፒሪቱ ሳንቱ የሚባሉ ሦስት እንጨት ሠራተኞች ነበሩ። ቆየት ብለው ማዴራ ላይ የሚያውቋትን አራት አውታር ያላትን ትንሽ ጊታር በሃዋይ እንጨት እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። ንጉሥ ካላካዋ ስለወደዷት በቤተ መንግሥት ግብዣ ላይ ትጮህ ጀመር። ስሟን በተመለከተ አንዱ የተጫዋቹ ጣቶች አውታሩ ላይ እንደ ቁንጫ ስለሚዘሉ ነው ይላል፤ ሌላው ኤድዋርድ ፐርቪስ የሚባል የቤተ መንግሥቱ ሰው አጭርና ቅልጥፍጥፍ ያለ ስለነበረ ቅጽሉ ከእሱ ወደ መሣሪያዋ ተላለፈ ይላል። የመጨረሻዋ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ግን ቁንጫውን አልወደዱትም። ኡኩ ስጦታ፣ ሌሌ መምጣት ማለትም ስለሆነ «የመጣልን ስጦታ» ነው ትርጉሙ ብለው አስረድተዋል። ንግሥት ናቸው፣ አይፈረድባቸውም፤ የቤተ መንግሥታቸው ሙዚቃ በቁንጫ ስም ሲጠራ ዝም ብለው እንዲያዩ መጠበቅ አይቻልም። ያም ሆነ ይህ፣ የማላዩን ነገር ከተቀበልን፣ የፈረንሳይ ምሽግ ኩቲና የሃዋይ ኡኩሌሌ የአንድ አያት የልጅ ልጆች ናቸው።

የምሽግ ወታደሮች ለቅማል ሌላም ስም ነበራቸው፤ ቻት ይሏት ነበር። እንግዲህ ስልካችሁን ይዛችሁ ቻት የምታደርጉ ሁሉ ስሙ። ወታደሮቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ እየተቃመሉ ስለሚጫወቱ፣ መጫወትን ቻት ማድረግ አሉት የሚል ታሪክ ከጦርነቱ ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ይህ ታሪክ ሲሰማ ልክ ይመስላል፤ እኛ ቅማልን የምንለቅምበት የራሱ ግስ አለን፣ መቃመልም ያለ ጨዋታ አይሆንም። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የልጅ ራስ የሚቀምሉ ሴቶችን ያየ ሰው የመንደሩ ወሬ ሁሉ ከዚያ እንደሚወጣ ያውቃል።

የሚያሳዝነው፣ ታሪኩ ውሸት ነው። ወታደሮቹ ቅማልን ቻት ማለታቸው እውነት ነው፤ እየተቃመሉ መጫወታቸውም እውነት ነው። ነገር ግን መጫወት የሚል ትርጉም ያለው ቻት ከጦርነቱ በመቶዎች ዓመታት ይቀድማል፤ የወፍ መንጫጫትን ከሚያስመስል ቃል የወጣ ነው። ስለ ቃል አመጣጥ የምትሰሙት ታሪክ በጣም ካማረ ጠርጥሩት። እኔ የማላዩንም ነገር በከፊል የምጠረጥረው ስለዚሁ ነው፤ አምሯል።

እስካሁን የሳቅንባት ተባይ ግን ሳቅ ብቻ አይደለችም። በ1915 የእንግሊዝ ሐኪሞች ስም የሌለው በሽታ ገጠማቸው፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የቅልጥም ሕመም፣ ለቀቅ አድርጎ በአምስት ቀን የሚመለስ። የምሽግ ትኩሳት አሉት። ተላላፊዋ ቅማል መሆኗ የተረጋገጠው ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል፣ በ1918 ነው። በሽታው የሚተላለፈው በንክሻዋ ሳይሆን በኩሷ ነው፤ ሰውየው ሲያክ ቆዳው ላይ ያለውን ኩስ ራሱ ወደ ቁስሉ ያስገባዋል። ከታመሙት አንዱ ጄ. አር. አር. ቶልኪን የሚባል ወጣት መኮንን ነበር። በ1916 መገባደጃ ከሶም ግንባር ታሞ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ በማገገሚያው ወራት ኋላ የዝና ምንጭ የሆነውን የመካከለኛውን ምድር ተረት መጻፍ ጀመረ። የነበረበት ሻለቃ ጦር ከዚያ በኋላ ክፉኛ አልቋል። «የቀለበቶቹ ጌታ»ን የወደዳችሁ ለአንዲት ኩቲ ምስጋና አለባችሁ ብል ማጋነን ቢሆንም፣ ብዙ ማጋነን አይደለም።

የባሰው ተስቦ ነው፤ ታይፈስ። እሱን የፈታው ሰው ሻርል ኒኮል ይባላል፤ ቱኒስ ከተማ የፓስተር ተቋም ኃላፊ ነበር። ተስቦ የያዛቸው ሰዎች በከተማው ሆስፒታል በር ላይ ተኝተው ያያቸዋል፤ ከውጭ ሳሉ ያገኛቸውን ሁሉ ያስይዛሉ። ገብተው፣ ታጥበው፣ የሆስፒታል ልብስ ለብሰው ከተኙ በኋላ ግን ጎን ለጎን የተኛውን እንኳ አያስይዙም። የሚታመሙት ሌሎች ናቸው፤ በሽተኛውን ሲገባ የሚቀበሉትና የወለቀውን ልብስ የሚያጥቡት። ስለዚህ በሽታው በሩ ላይ ይቀራል ማለት ነው፤ በሩ ላይ የሚቀረው ደግሞ ልብሱና ልብሱ ውስጥ ያለው ነገር ነው። በ1909 በጦጣዎች ላይ ሞክሮ ቅማል መሆኗን አረጋገጠ። በ1928 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ያለ ማጉያ መነጽር፣ በር ላይ ቆሞ በማየት ብቻ የተጀመረ ምርምር ስለሆነ ከሕክምና ታሪክ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። ሁሉም እንደ እሱ ዕድለኛ አልነበረም፤ የተስቦን ተሕዋስ ሲፈልጉ አሜሪካዊው ሃዋርድ ሪኬትስ በ1910 ሜክሲኮ ላይ፣ ስታኒስላውስ ፎን ፕሮቫዜክ በ1915 ጀርመን አገር በዚያው በተስቦ ሞቱ። ተሕዋሱ ዛሬ የሁለቱን ስም ይዞ ሪኬትሲያ ፕሮቫዜኪ ይባላል።

ይህ የፈረንጅ ታሪክ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ቅማል የምታስተላልፈው ሦስተኛው በሽታ፣ እያገረሸ የሚመለሰው ትኩሳት፣ ከዓለም ብዙ ቦታ ጠፍቶ ዛሬም በዋነኛነት የሚታወቀው በኢትዮጵያና በአጎራባቾቿ ነው። በክረምት ይበረታል፤ ሰው ብርድና ዝናብ ሸሽቶ ሲተፋፈግ፣ ልብስ በልብስ ሲደርብ፣ የታጠበው አልደርቅ ሲል። የዚህኛው መተላለፊያ ደግሞ ከሌሎቹ ይለያል። ተሕዋሱ ያለው በቅማሏ ሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ የሚወጣው ስትጨፈለቅ ነው። በሁለት ጥፍር መሐል ጠብ ማድረግ የለመደ ሰው ሳያውቅ ራሱን ያስይዛል። በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ግን ሐኪም ፊት መሰጠት ያለበት ነው፣ መድኃኒቱ ተሕዋሱን በጅምላ ሲገድል ታማሚውን ለጥቂት ሰዓት የሚያንቀጠቅጥ ጠንካራ ምላሽ ስለሚመጣ። መከላከያው ግን ድሮም ዘንድሮም ያው ነው፤ ልብሱን መቀቀል፣ በሙቅ ካውያ ስፌት ስፌቱን መተኮስ።

ወደ ቃላችን እንመለስና አሜሪካ ገብታ ምን እንደሆነች እንይ። ዘማቾቹ በ1919 ሲመለሱ ኩቲን ይዘዋት ገቡ፤ ስሟን ማለቴ ነው። በ1920 የባሕር ማዶ ዘማቾች ማኅበር አባላት በውስጡ «የኩቲ ወታደራዊ ሥርዓት» የሚባል ቡድን አቋቋሙ፤ ሥራቸው ሆስፒታል የተኙ ጓዶቻቸውን እየዞሩ ማሳቅ ነበር፣ ቡድኑም እስከ ዛሬ አለ። በ1920ዎቹ ጠጉራቸውን ጆሯቸው ላይ ጠቅልለው የሚያብጡ ወጣት ሴቶች ሲመጡ ቀልደኛው ሁሉ ያንን ጥቅል «የኩቲ ጋራዥ» አለው። አላባማ የተወለደው ጥሩምባ ነፊ ኩቲ ዊሊያምስም ይህን ስም ከልጅነቱ ይዞ የጃዙ መሪ ዱክ ኤሊንግተን ባንድ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ የመጣውን ኤሊንግተንን እናውቀዋለን፤ እሱ በ1940 ለዚህ ሰው ብሎ የጻፈው ሥራ «ኮንሰርቶ ፎር ኩቲ» ይባላል። ከጃዝ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ለቅማል ኮንሰርቶ።

ከዚያ ልጆች ወሰዷት። በ1949 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ኸርብ ሼፐር የተባለ ሰው ኩቲ የሚባል መጫወቻ ለገበያ አወጣ፤ ዳይ እየተወረወረ የአንዲት ተባይ ራስ፣ ዐይን፣ እግር እየተሰካ የሚጫወቱት። ይህኛው ጉዳት የለውም። ጉዳት ያለው ሌላው ነው፤ ዕቃ የማያስፈልገው።

እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አንዱ ልጅ ሌላዋን ይነካና «ኩቲ አለባት!» ይላል። ከዚያ በኋላ እሷ የነካችው ሁሉ ይበከላል፤ ወንበሯ፣ እርሳሷ፣ የቆመችበት ሰልፍ። ኩቲው አይታይም፣ አያሳክክም፣ የለም። ወንዶች ሴቶች ላይ ያዩታል፣ ሴቶች ወንዶች ላይ። መድኃኒትም አለው፤ ጓደኛ ክንድ ላይ በጣት ክብና ነጥብ ይሥላል፣ መርፌ ተወጋ ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ልጆች ይህንኑ ጨዋታ ይጫወቱታል፣ ስሙን ግን ለርጊ ነው የሚሉት፤ በ1954 ጉን ሾው በሚባል የሬዲዮ ቀልድ የታወቀ የፈጠራ በሽታ ነው። ቃሉን ለዓለም የሰጡት እነሱ ሆነው ሳለ ልጆቻቸው ሌላ ስም ፈለጉ።

አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታ ነው፤ ሲስቁ ውለው ነገ ይረሱታል። ችግሩ ኩቲው በየቀኑ እየዞረ አንድ ሰው ላይ ብቻ ሲያርፍ ነው። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ የመጣው፣ ምሳ ዕቃው የሚሸተው፣ አነጋገሩ የሚለየው ልጅ ነው። እዚህ ላይ ነው ቃሉ የተገለበጠው። ምሽግ ውስጥ ኩቲ ማለት «ሁላችንም አለብን» ማለት ነበር። መኮንኑም ተራውም አብሮ የሳቀበት፣ ማንንም ከማንም የማይለይ ስም ነበር። የትምህርት ቤቱ ኩቲ ግን «አንቺ ብቻ አለብሽ» ማለት ነው። በሃያ ሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቃል እንዲህ ፊቱን ሲያዞር ሌላ ምሳሌ ብፈልግ ቶሎ አይመጣልኝም።

ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ ያለ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጁ «ኩቲ አለብሽ አሉኝ» ብላ ስትመጣ መዝገበ ቃላት ቢከፍት ቅማል ይላል። ከዚያ ማበጠሪያ ይነሣል፣ መብራት ሥር ጠጉር ሲገነጠል ይመሻል፣ «የት ነው የተቀመጥሽው? ከማን ጋር ተኛሽ?» ይመጣል። ምንም አይገኝም፤ ልጅቷ ግን አሁን ሁለት ጊዜ ተመረመረች፣ አንድ ጊዜ በእኩዮቿ፣ አንድ ጊዜ በእናቷ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ልጃችሁ ኩቲ አለብሽ ተብላ ከመጣች ማበጠሪያውን አስቀምጡና ማን እንዳላት፣ ስንት ቀን እንዳሏት፣ ምሳ ከማን ጋር እንደምትበላ ጠይቋት፤ ከቀጠለ ለመምህሯ ንገሩ። እውነተኛ ቅማል ካገኛችሁባት ደግሞ አትደንግጡ። የራስ ቅማል ተስቦ የምታመጣዋ የልብስ ቅማል አይደለችም፤ አትዘልም፣ አትበርም፣ የታጠበ ጠጉርም አትጠላም፤ የምትተላለፈው ልጆች ራስ ለራስ ሲገናኙ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ልጅ በቅማል ምክንያት ከትምህርት ቤት አይቅር ይላል። ፋርማሲ ሄዳችሁ የቅማል መድኃኒት ግዙ፣ ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ አበጥሩ፣ መመሪያው ድገሙ ካለም ከዘጠኝ ቀን ግድም በኋላ ያን ጊዜ የተፈለፈሉትን ለመያዝ ድገሙት። ጭንቅላቷን አትላጯት።